እንግዳ ተቀባይ

አባቴ ላሚሶ፣ የአሞራ ገደሉ ባለ ጀልባ፣
ማንም ሰው ቢያንኳኳ አንድ ቃል ነው ያለው፤ «ግባ!»
ዓሣ ነጋዴ ይሁን፣ ዝናብ የያዘው ተማሪ፣
የጠፋ በሬ ፈላጊ፣ የሞተ ዘመድ ነጋሪ፣
ገመድ ባጠበሰው መዳፉ ጨብጦ ያስገባል።
«እንግዳ ተቀባይ» ይለው ነበር ሰፈሩ።

ቃሉን ዳግመኛ ያገኘሁት ኮሌጅ ገብቼ ነው።
መምህር ቡርቃ በጠመኔ ሴል ሣለ፣
ከቆዳው ላይ እጅ አበቀለ፣
«ይህ ተቀባይ ነው» አለ።
ከኋላ ወንበር ሳቅሁ።
አባቴን ሣለው፣ ሳያውቀው።

እጁ አንጓ ባንጓ የተሰካ፣
አንጓው ሁሉ በየራሱ ካልሲየም የተቆለፈ፤
እሱ አሉታዊ፣ እንግዳው አዎንታዊ፣
ሲተያዩ ይሳሳባሉ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።
ገና ሲሠራ፣ ሳይወጣ ከጓዳ፣
ሚዜ አብሮት ይሄዳል፣
መንገድ ላይ እንዳይነካው ያልተጠራ እንግዳ።

ደጅ ሲደርስ ቆዳው ይሰረጉዳል፣
እንደ ቅርጫት ይጠቀለላል፣
እንግዳና ተቀባይ ተቃቅፈው ወደ ውስጥ።
እንደ አባቴ ጀልባ፦ ሞልታ ትሄዳለች፣ ባዶ ትመለሳለች፣
ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ ደጅ ላይ ናት።

«ግን» አለ መምህሩ፣ ጠመኔውን እንደ እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣
«ማን ነው የሚያላቅቃቸው?»
ዝም አልን።
«ኮምጣጣነት። ውስጡ ሲኮመጥጥ እጁ ይታጠፋል፣ እንግዳው ይወድቃል።»

እናቴ! አልኩ በሆዴ።
በሦስተኛው ቀን ፊቷ ይኮመጥጥ ነበር፣
ሎሚ እንደ ነካው ወተት።
ድስት ታንኳኳለች፣ ድመቷን ትረግማለች፣
እንግዳው ጫማውን መፈለግ ይጀምራል፣
አባቴም ባዶ እጁን ይዞ ወደ ደጅ፣ ወደሚቀጥለው።
ቤታችን የቆመው በሁለቱ ነበር፦
በሱ «ግባ»፣ በሷ ፊት።

አንድ ሰው ግን መጣ።
ሻላሞ ይባላል፣ ከቢላቴ ማዶ፣
ትንሽ ሰው፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ለሁለት ሌሊት ብሎ።
እናቴ ፊቷን ባኮመጠጠች ቁጥር
እሱ አባቴን ይበልጥ ያቅፋል፤
«ወንድሜ» ይላል፣ «ወንድሜ»፣
ክንዱ ከክንዱ አይወጣም።
አራት ክረምት።
ጀልባዋ ለሱ ዕዳ ተሸጠች።
አባቴ ደጅ መቆም ተወ፣
የሚያንኳኳውም የሚከፍትለት ሲያጣ
አጥር ጥግ ተከማቸ፣ ከነዝናቡ።

ያን ሰው በኋላ በሥራዬ አገኘሁት፤
ስሙ ፊደልና ቁጥር ነው።
ሲኮመጥጥ የሚጠብቅ፣ የማይለቅ፣
ተቀባዩን ይዞት ይወርዳል እስከ ሴሉ ወፍጮ፣
እዚያ ይደቃሉ።
ውጭ ስቡ በደም ሥር ግድግዳ ይለጠፋል፣
ቤት እንዳጣ።

ዛሬ ማለዳ የአባቴ ደም በብልቃጥ።
ስሙን በእጄ ጻፍኩበት።
ቁጥሩ ወጣ። ደግሜ ሠራሁት። ያው ነው።
የዐይኑን ሽፋን ቢጫ ጠብታ
«የቆሮሶ ቅባት ናት» ይላል።
አይደለችም፣ አባ።
ያን ዓይነት እንግዳ ከበር ሳይደርስ
መንገድ ላይ የሚይዝ መርፌ አለ ይላሉ፤
ታቦርን ዞሮ እኛ ጋ አልደረሰም።

ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ።
አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፣
የማያውቀውን በሽተኛ ትከሻው ላይ አስተኝቶ፤
አባ ኮዳ በቆርቆሮው ላይ ይራመዳል።
ሲያየኝ፣ የተኛውን ሳይቀሰቅስ፣ ፈቀቅ አለ፣
ቦታ ሠራልኝ፣
«ግቢ» አለኝ፣
በር በሌለበት።