በባቲ በኩል

ጉም ከጦሳ ወርዶ ፒያሳን ሲያለብስ፣
እናቴ ጦይባ ቁጥር ስትመልስ
እሰማለሁ፦
«ሁለት አሥራ አራት፣ የሙገድ ወፍጮ ቤት፤
ሦስት ዜሮ ስድስት፣ ሐጂ ይማም፣ ጨው ነጋዴ የሚሉት፤
ዘጠና አንድ፣ ፋርማሲው፣ ከመስጊዱ ፊት።»
ሰዎቹ የሉም። ወፍጮው ዛሬ ባንክ ነው፤
ሽቦውን ጎረቤት ለዶሮ አጥር አሰረው።

ሃያ ዘጠኝ ዓመት ከማዞሪያው ሰሌዳ
ማዳመጫ ደፍታ፣ በሁለት እጅ ገመድ ስታሰናዳ፣
ድምፅ ትለይ ነበር፣ ነዋሪን ከእንግዳ፣
«ሃሎ»ን ያስረዘመው ሐዘን ይሁን ዕዳ።
ማታ ስትገባ ግንባሯን በሻሽ ቋጥራ፣
«ደሴ በሞላ ዛሬ በራሴ አለፈ» ትል ነበር፣ መብራት ሳታበራ።

አንድ የነሐሴ ሌሊት የወልዲያው መስመር ቢበጠስ፣
ወዲያ ማዶ እህቱ ታማ፣ አንድ ወንድም ሲያለቅስ፣
ኮምቦልቻን ጠራች። ኮምቦልቻ ባቲን፣ ባቲ ሚሌን ጠራ፤
ወልዲያ ደረሰች በጓሮ በር በኩል፣ በረሃውን ዞራ።

አውቶማቲኩ ገባ፤ ሰሌዳው መጋዘን ተጣለ።
ብርድ ልብስ ሸለሟት፤ «እናመሰግናለን» ተባለ።
እጇ ግን ለወራት ጉልበቷ ላይ ቀዳዳ ሲፈልግ ነበር፣
ምሳ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ የሌለ ገመድ ሲሰካ በአየር።

በቀደም ሐኪሙ «ሰዓት ሳዪ» ቢላት፣ እርሳስ እንደያዘች
«በኛ ነው በፈረንጅ?» ብላ ጠየቀች።
ከዚያ የራሷን ፎቶ ብርሃን ላይ ሰቅሎ፣
አንዴ እሷን አንዴ ፎቶውን አየ፣ መነጽሩን ጥሎ።
«ፎቶው ከሴትየዋ ይብሳል» አለኝ፤
«ሥራዋ ምን ነበር?» ነገርኩት፣ ባጭሩ፣ እንደመጣልኝ።
«የለፋ ጭንቅላት መንገድ ያበዛል፤
አንዱ ቢናድበት በሌላው ይዞራል፤
ለጊዜው ነው ግን። መንገድም ያልቃል።»
ስሜን እንደረሳች አልነገርኩትም።

ስትጠራኝ፣ መስመር ስትሞክር ይሰማኛል፦
«አንተ... የአሰን ልጅ... የዘይነባ ታላቅ...
ጣራው ሲያፈስ የተወለድከው...»
ከዚያ፣ ከሩቅ፣ ጠቅ የሚል ነገር።
«እንድሪስ!»
በባቲ በኩል እደርሳለሁ።

ጋሽ ሙሄም እዚያው ግቢ የፖስታ ከረጢት ሲሸከም ኖረ፣
በምሳ ሰዓት ገበጣ ላይ የሒሳብ ሹሙን እየዘረረ።
ስልሳ ሦስት ሳይሞላው ከሆጤ ወጥቶ ቤቱ ጠፋበት፤
«ድሮም ማሰብ አያውቅ» አሉ፣ በለቅሶው ዕለት።
ማን ጠየቀው? ለጀርባው እንጂ
ለጭንቅላቱ ሥራ ማን ሰጠው?
ይህን ሐኪሙን ልጠይቅ ብዬ ተውኩት።

እኔ ፒያሳ ላይ ሞባይል ጠጋኝ ነኝ፤
ሁሉን ቁጥር ስልኬ ነው የሚይዝልኝ።
የእናቴን እንኳ ጠይቁኝ፣ በቃሌ አላውቀውም።
ስልሳ ሲሞላኝ በየት እንደምዞር እንጃ።

ትናንት ጉሙ መስኮታችንን ደፍኖ ሳለ ማታ፣
ከጥገና ሳጥኔ ባትሪ የሌለው ቀፎ አንስታ፣
«ደሴ ነኝ» አለች፣ ድምጿን አጥርታ፤
«መስመሩ ተይዟል፤ ይጠብቁኝ ጌታ፣
በሌላ ልሞክር።
ብቻ አይዝጉ።»