ማን ያይብሻል?

አሥራ ሁለት ዓመት ክር ቀጥያለሁ፤
ኮምቦልቻ፣ ፈትል ክፍል፣ ከማሽኑ ጩኸት ሥር፣
የተበጠሰውን በሁለት ጣት አሽቼ
ትንፋሽ ሳልጨርስ መልሼ ሳስር።
ማን ነግሮኝ ያኔ፣
ከገዛ ራሴ እንደሚበጠስ
ማንም የማይቀጥለው ክር።

የመጀመሪያው መድኃኒት በገባ በአሥራ ሰባተኛው ቀን
ሚዶው ይዞት መጣ።
አላመመኝም፤ የከፋኝ እሱ ነው።
ይህን ያህል ነገር ከአንድ ሰው ሲወጣ
ምነው ጥቂት እንኳ ቢያም?
ልጄ ሂክማ ትራሱን አይታ
«እማየ፣ ድመት አድሮብሽ ነበር?» አለችኝ።

አማቴ ደግሞ፦ «አልሐምዱሊላህ በይ፤
አንቺ እንደሁ ትሸፈኛለሽ፤
ከሻሽሽ ሥር ያለውን ማን ያይብሻል?»
እውነት ነው። ጎዳናው አያይም፣
ተቆጣጣሪው አያይም፣ ባለባጃጁ አያይም።
ግን ማታ በሩ ሲቀረቀር፣
ሻሹ ምስማሩ ላይ ሲሰቀል፣
ይማም መብራቱን ሲያጠፋ
(ከመቼ ወዲህ ነው እሱ ቀድሞ የሚያጠፋ?)
በዚያ ጨለማ የምታይ አንዲት ሴት አለች፤
እሷም እኔ ነኝ፣
እንቅልፍ የላትም።

ጎረቤቴ ወርቅያንጥፉ ወንድሟ ሲሞት ተላጨች፤
ራሷን ያየ ሁሉ «እግዜር ያጥናሽ» አላት፤
ፀጉሯ ባደገ ቁጥር ሐዘኗ ሲያጥር ቆጠሩላት።
የኔ ራስ ምን ይባላል?
ሰው ሳይሞትብኝ የተላጨሁ፣
ለራሴ ነው ወይ የማለቅሰው?

«ፀጉር መቀጠል...» ብዬ ጀመርኩ ለሸሁ።
ዝም ብለው ቆዩ። «በሽታ ሌላ ነው» አሉ፣
«ያንቺን ራስ እኔ አልተሸከምኩም።»

ሐሙስ ሐረጎን ወጣሁ፣ በሚኒባስ፣ ወደ ደሴ።
ጦሳ እንደ ልማዱ ጉሙን ተከናንቧል።
አያ ጦሳ፣ አንተም ትሸፈናለህ፤
ዛፍህ ቢያልቅ ማን ያይብሃል?

ሆስፒታል፣ ሲስተር መንበረ መርፌውን እየነቀለች፦
«ዊግ ከገዛሽ ውስጡን ገልብጠሽ እዪ፤
ከሸከረ ተዪው፣ ቆዳሽ አሁን የአራስ ልጅ ነው።
መረቡ አየር ያስገባ፣ ጠርዙ ይላላ፣ ይጥበቅ።
ናይሎን ከሆነ ደግሞ እሳት ዳር እንዳትቀመጪ።»

ፒያሳ፣ ከፎቶ ቤቱ ጎን፣ ሦስት ደረጃ ወርጄ፤
መስኮቱ ላይ ሰባት የፕላስቲክ ራሶች፣
ሰባቱም መላጣ ሆነው የተፈጠሩ፣
ፀጉር የተዋሱ። ያንዷ አፍንጫ ተልጧል።
«ለሰርግ ነው?» አለች ባለሱቋ።
«ለራሴ ነው።»
ገባት መሰለኝ፤ በሩን ቆልፋ መጋረጃ ሳበች፣
«ወንድ የለም» አለች።
ፈታሁ።
ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

ረጅሙ የሰው ፀጉር ነው፤ ዋጋው የአራት ወር ደመወዜ።
ናይሎኑ ያብለጨልጫል፣ የአሻንጉሊት ነው የሚመስል።
ሦስተኛው አጭር፣ ጥቁር፣ ጫፉ ከርደድ ያለ፣
ከመታመሜ በፊት ጠዋት ጠዋት እንደምጣላው ያለ።
ገለበጥኩት።
ከመረቡ ላይ እያንዳንዷ ፀጉር ለብቻዋ ተቋጥራለች፤
በእጅ። አንዱ ቋጠሮ ወደ ግራ ስቷል፣
ደክሟት ይሆናል፣ ፈረቃዋ ሊያልቅ ሲል።
አገሯን አላውቅም። ጣቷን ግን አውቀዋለሁ፤
ክር የበላው ጣት ነው፣ እንደኔ።
ቆሜ አለቀስኩ፣ ባለሱቋ ዋጋው መስሏት
መቶ ብር ቀነሰችልኝ።

ቀብድ ሰጠሁ። የቀረውን ደመወዝ ሲገባ።
አፍንጫዋ በተላጠው ራስ ላይ አኖረችው፣
ወረቀት ቀዳ «ጦይባ» ብላ ጻፈችበት።
ባዶ እጄን ሐረጎን ወረድኩ፤
ከኋላዬ፣ ደሴ ላይ፣ በስሜ የሚጠራ ራስ አለ።

ማታ ይማም እጁን ወደ ማብሪያው ሲሰድ
«ተወው» አልኩት።
ተወው።
ሂክማ ከእንቅልፏ ነቅታ መጣች፣
መዳፏን አናቴ ላይ አሳርፋ ቆየች።
«ይሞቃል» አለች።
የድመቱን ነገር ዳግም አላነሳችም።