ለኢፍቱ፣ ከመግባትሽ በፊት

ግቢ፣ ተቀመጪ፣ ባርጩማው አይወድቅም፣
ሦስት እግር ስላለው መንገዳገድ አያውቅም።
እዚህ፣ ሄርማታ ውስጥ፣ ከሱቁ ፎቅ በታች፣
ስድስት ማሽን ነበር፣ አንዷ ተቃጠለች።
ያንቺዋ ደህና ናት፣ ቁልፏ ብቻ ወልቋል፣
ወደ ፊት ለመሄድ ጎማውን መጫን ይበቃል።
ሰዓቱ ሃያ ብር። መብራት ከሄደብሽ
ቀሪ ደቂቃሽን በደብተር ልጻፍልሽ፤
ጄኔሬተር የለንም።

መጀመሪያ ነገር፣ ስም ይጠይቅሻል፣
ያሰብሽው ስም ሁሉ ቀድሞ ተይዟል፤
"ንግሥት" ተይዟል፣ "ነብር" ተይዟል፣
"ጅማ አንድ"፣ "ጅማ ሁለት" እስከ ዘጠና ይሄዳል።
ስምሽን ከነቁጥሩ ጎትተሽ ትገቢያለሽ፣
የእንጨት ሰይፍ ተሰጥቶሽ ጫካ ትላኪያለሽ።
"ከርከሮ ግደዪ።" አሥር ትገድያለሽ።
"አሁን ደግሞ ሃምሳ።" ሃምሳ ታመጫለሽ።
"አሁን ደግሞ ሺህ" ሲሉሽ የተሳሳቱ ይመስልሻል።
አልተሳሳቱም ኢፍቱ። ጨዋታው እዚህ ይጀምራል።

ከሺህ ከርከሮ አንዱ የብረት ጥርስ አለው፣
የትኛው እንደሆነ ዕጣው ነው የሚያውቀው።
እኔ አራት ሺህ ገድዬ አገኘሁ፣ ሦስት ሌሊት ሳልተኛ፤
ናዚፍ ሊሸና ሲነሣ፣ በግራ እጁ፣ በሦስተኛ።
ያው እንደ ቡና ለቀማ ነው፣ እናትሽ እንደምትውልበት መጋዘን፣
እጅ ሥራውን ለምዶት ሐሳብ ሌላ አገር ሲባዝን።
ለቀማ ግን ሲመሽ በኪሎ ይከፍላል።

ሰርቨሩ ከባሕር ማዶ፤
ቀስትሽ እስኪደርስ ሄዶ
ከርከሮው ነክሶሽ ጨርሷል።
ዝናብ ሲጥልማ፣ ይሄ የኛ ዝናብ፣ ወር ቆጥሮ የማያባራው፣
ምስሉ ድርቅ ይላል፤ አንድ እግርሽ አየር ላይ፣ ሰይፍሽ እንደተሰነዘረ።
ሲመለስ ሞተሻል።
ማን እንደገደለሽ አትጠይቂ።

ሰይፍሽን አንጥረኛው ጋ ትወስጃለሽ።
እስከ ሰባት ሲያደምቀው ደስ ይላል፣
ስምንት ላይ መዳፍ ያልባል፣
ዘጠኝ ላይ ይሰበራል።
ተማም፣ ባጃጅ የሚነዳው ልጅ፣ ዘጠኝ ላይ ሰበረ፣
የሦስት ወር ልፋቱ በአንዲት "ቀጭ" ድምፅ ቀረ።
ወጥቶ ሄዶ አዌቱ ድልድይ ላይ ቆሞ ውሃውን አየ፣
ማግስቱን ግን ቁልፍ ሳልከፍት ደጃፌ ላይ ታየ።
የእንጨት ሰይፍ ያዘ። ከርከሮ አለ፣ ሄደ።

በካርድ የሚገዙ አሉ፣ ክንፍ ለብሰው የሚመጡ፣
አንቺ ወር የለፋሽበትን በደቂቃ የሚያመጡ።
አትመቀኚ። እኛ ካርድ የለንም፤
ያለን ትዕግሥት ነው፣
እሱም በሰዓት ሃያ ብር።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ ከዚያ ላብራልሽ።
ከከተማው በር በስተግራ፣ ከደረቀው ምንጭ አጠገብ፣
አንድ ሰው ተቀምጦ ታያለሽ፣ የማይነቃነቅ፣
ፊቱ ምንጣፍ ዘርግቶ፣ ቅጠል የሚሸጥ።
ናዚፍ ነው።
ሊሙ ለሥራ ሊሄድ ሲል፣ ለአንድ ሌሊት ብሎ ከፍቶት፣
ያንቺው ባርጩማ ላይ ሆኖ፣ ዕቃውን ደርድሮት፣
ወጣ።
ጨዋታው እንዲህ ነው፤ ባለቤቱ ቢሄድም ሱቁ ይቆያል፣
የመጨረሻው ዕቃ ሲሸጥ ግን ሰውየው ይጠፋል።
አራት ዓመት ሆነው። ስልኩ አይነሣም።
ያኔ ዋጋው ውድ ነበር፣ ማንም ዞር ብሎ አላየው፤
አሁን ሁሉ ነገር ጨመረ፣ የሱ ብቻ ነው የረከሰው።
ከሃያ ቅጠል ሦስት ቀርተውታል።

እንግዲህ ርካሽ ነው፣ አውቃለሁ። ቁስል ያድናል፣ አውቃለሁ።
ከሌላ ግዢ። ወርቅ ካነሰሽ ጠይቂኝ፣ እሰጥሻለሁ።
በሱ በኩል ስታልፊ ዝም ብለሽ እለፊ።

በይ፣ በራልሽ። ስምሽን ጻፊ።
አየሽ? "ኢፍቱ" ተይዟል።
ቁጥር ጨምሪበት።