የዝይ አባራሪው

«ለሯጭ ጥርጊያ መንገድ፣ ለሕፃናት መዋያ፣
ለመኪናዎ ጥላ፣ ጂም እና ምሳ መብያ፣
ፏፏቴ ያለው ኩሬ፣ ሣሩ እንደ ምንጣፍ፣
የጥንት የእህል ጎተራ፣ ለፎቶ የሚሆን ደጃፍ፤»
ይላል ብሮሹሩ።
የማን ጎተራ እንደ ነበር አልገባም ከቁጥሩ።

ዌንደል ሆግላንድ ግን ዝገቱን ያውቀዋል፤
በዘጠኝ ዓመቱ ያ ቆርቆሮ ጣቱን በልቶታል።
ዛሬም ኒው ጀርሲ ከጭጋጓ ሳትወጣ፣
ባጁን አንጠልጥሎ፣ ከውሻው ከጁኖ ጋር መጣ፤
ሥራው ዝይ ማባረር፣ በሰዓት የሚከፈል፣
የሠራተኛ ጫማ ኩስ እንዳይነካው ሲባል።

«እሽ!» ሲላቸው ይነሳሉ፤
ሕንፃ ሦስትን ዞረው እዚያው ያርፋሉ፣
የአባቱ ድንች ማሳ ከነበረው ውሃ ላይ።
«የሸጠው አባቴ ነው፤ እነሱ የት ፈረሙ?»
አላት ውሻውን አንድ ቀን።

ትናንት ከመኪና ማቆሚያው ጥግ፣ ከሲ-ሃያ ሰባት ሥር፣
አንዲቱን አገኛት፣ አምስት እንቁላል ታቅፋ በጠጠር።
ጁኖ አጉረመረመች። ማሰሪያዋን ሳበ።
«የተባረሩ» ከሚለው ፊት «ሁሉም» ብሎ ጻፈ፤
ከዚያ በብርቱካናማ ኮን ዙሪያዋን አጠረ፣
«ጥገና ላይ» የሚል ሰሌዳ ጨመረ።