የማያበራ አለህ?

የኑርሁሴን ሱቅ አዲስ ዓለም ነው፣ ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ፣
ጠርሙስ በጠርሙስ፣ ጣሳ በጣሳ፣ እስከ ጣራው ተቆልሎ፤
አንዱ አዲስ ጫማ ይሸታል፣ አንዱ እንጆሪ፣ አንዱ ሎሚ፣
እኔም ተራ ይዤ ቆምኩ፣ እንደ ጤና ጣቢያ ታካሚ።

«እህ፣ ምኑን አመመው?» አለኝ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ።
ነገርኩት፦

«የኋላ ወንበር ቅቤ ጠጥቷል፣ የአንዲት ሴትዮ ቅል ተሰብሮ፣
ሦስት ሳምንት በሳሙና አሸነው፣ ሽታው ግን አለ እንደ ድሮ።
ጣሪያው ላይ የማር እጅ አለ፣ አምስት ጣት፣ የማን ልጅ እንደሆነ እንጃ፣
የእግሩን ሥርማ አትጠይቀኝ፣ አፈር ነው እንጂ መቼ ሥጋጃ!
ዳሽቦርዱ ደግሞ ተሰነጠቀ፣ እንደ ደንቢያ መሬት በበጋ፣
የመተማ ፀሐይ ልሳዋለች፣ አሞሌ እንዳገኘ የላም መንጋ።»

ኑርሁሴን ሳቀ። እጁን ሰደደ፣ ሰማያዊ ጠርሙስ አወረደ፣
ጥጥ ነክሮ አሮጌ ፕላስቲክ አንዴ ቢያብሰው ነደደ!
«ፊትህን ታይበታለህ፣ ፂምህን ትላጭበታለህ፣
ገዢ ቢመጣ፣ ትናንት ከመርከብ ወረደ ብለህ ትምልበታለህ።»
የረዳቴ የቻላቸው ዓይን በራ። «ጋሼ፣ ይሄ ነው፣ ይሄን ውሰድ፣
እነ ጥጋቡ ይሄን ቀብተው አይደል ሰው የሚሻማው አብሯቸው ለመሄድ!»

እኔ ዝም አልኩ።
አምና ጥቅምት ላይ፣ የሊማሊሞ ቁልቁለቱ፣
ያንኑ ቅባት ቀብቼ፣ ዳሽቦርዱ በርቶ እንደ ሙሽራ ፊቱ፣
መጠምዘዣው ላይ ፀሐይ ብቅ አለች፣ ከዳሽቦርዱ ወድቃ ነጠረች፣
ዘላም የፊት መስታወቴ ላይ እንደ አንሶላ ተሰጣች።
ነጭ። መንገድ የለም። ገደል የለም። ነጭ ብቻ።
አሥራ አንድ ሰው ከኋላዬ፣ አንዷ ብርቱካን ትልጣለች ለብቻ፣
እግሬ ፍሬኑን በልምድ አገኘው። ቆምን። ጎማው ጠጠር ገፋ፣
ሰማሁት ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ ድምፁ እስኪጠፋ።
ማንም አላወቀ። ከብርቱካኗ ከፍላ ሰጠችኝ፣ «ለምን ቆምን?» አለች፣
«አገሩ ያምራል፣ እዩት ብዬ» አልኳት። አመነች።

«የማያበራ አለህ?» አልኩት።

ኑርሁሴን ትንሽ አየኝ። «ሰው ሁሉ የሚያበራ ነው የሚጠይቀኝ»
አለና፣ ከባንኮኒው ሥር ጎንበስ ብሎ፣ አቧራውን እፍ ብሎ ሰጠኝ።
ግራጫ ዕቃ፣ ሥዕል የሌለው፣ ሽታው ከውሃ የማይለይ።
«ስንጥቁን አይደፍነውም፣ አልዋሽህም፤ ሌላ እንዳይወጣ ግን ይጋርደዋል ከፀሐይ።
ለቅቤው አረፋ ውሰድ፣ በለስላሳ ብሩሽ፣ ውሃ አታብዛ፣
ስፖንጁ ከጠጣ ይሻግታል፤ በገንዘብህ መዘዝ አትግዛ።
ሁሉንም ቀድመህ ከወንበሩ ሥር ሞክረው፣ ዓይን ከማያየው፣
ቀለሙን ከበላም እዚያው ይብላ፣ ገመናህን ማን ሊያየው?
መሪውን ግን ምንም አትቀባው፣ የሚያዳልጥ መሪ ጠላት ነው፣
እርጥብ ጨርቅ፣ ከዚያ ደረቅ ጨርቅ፤ መሪ የሚወደው ባዶ እጅ ነው።»

ቻላቸው አኮረፈ፦ «ሰም እንኳ ብንገዛ፣ ከውጪ እንዲያንጸባርቅ?»
«ሰሙ የቆርቆሮው ነው፣ ልጄ፤ ወርቁ ውስጥ ነው የሚሳፈረው፣ ለሱ ተጠንቀቅ።»

ሳሙና በር አቁመን ፈተግን፣ ጀርባችን እስኪቆለመም፣
ስሙ ሳሙና በር ይባል እንጂ፣ ሳሙናውን ይዘህ ካልሄድክ የለም።
ቅቤው ለቀቀ። ሥጋጃው ከአፈሩ ሥር ቀይ ሆኖ ተገኘ፣
ከማሩ እጅ አራት ጣት ጠፋ፤ አውራ ጣቱ ግን አሻፈረኝ አለ፣ እዚያው ተገኘ።

ማግስቱን፣ አምባ ጊዮርጊስን እንዳለፍን፣ ጋቢና የተቀመጡት ሴት
ጣታቸውን ዳሽቦርዱ ላይ አሳረፉ፣ እንደሚፈትሽ ሰው ዱቄት፣
ጣታቸውን አዩት። ንጹሕ ነው። ዳሽቦርዱን አዩት። ደብዛዛ።
«ታጥቧል ወይስ አልታጠበም?» አሉኝ።
ቻላቸው ከኋላ ሳቁን አፈነ፣ «ይኸው! ሰውም ታዘበን!» በሚል ለዛ።

ልመልስላቸው ስል ፀሐይ ከተራራው ጫፍ ብቅ አለች፣
ዳሽቦርዱ ላይ ወደቀች፣
እዚያው ቀረች።