አሥራ አንድ ሳርዲን

ሰኞ ሊነጋጋ፣ ሳቮና ወደብ ዳር፣
ኦሬስቴ ቆሟል ከዓሣው በርሜል ጋር።
ድምፅ የለውም ዛሬ፣ ትናንት ጮሆ ጨርሶ፣
በእጁ ነው የሚያወራ፣ ሽርጡን ለብሶ።
ዋጋ የሚጻፍበት ጥቁሩ ሰሌዳ
"ሁለት ለአንድ" ይላል፤ ማን ያስባል ዕዳ!
ዓሣ የሚገዛ የለም፤ ሰው ሁሉ የመጣው
በዓይኑ ያየውን ደግሞ ሊሰማው።

"ኑ፣ ጠጋ በሉ" አለ በሹክሹክታ፣
በረዶውን በመዳፉ እንደ ሜዳ መታ፤
አሥራ አንድ ሳርዲን አስተኛ በተራ፣
የወደቡን ቡድን፣ በስም እየጠራ።
የላይ ሰፈሮቹ ቀይ ለባሽ ናቸውና
ሽሪምፕ ሆኑ እነሱ፣ ጢማቸው ቀና ቀና፤
በረኛቸው ደግሞ ግማሽ ሎሚ ሆነ፣
ሻይ ላይ ተጨምቆ ትናንት የባከነ።

ባለ ፋርማሲው ቴረንዚዮ "ልብ ነው!" አለና
ደረቱን ደሰቀ፤ ሳል ያዘው እንደገና።
ኦሬስቴ ግን ራሱን ነቀነቀ፦
"ልብማ ለእነሱም መች አነሰ፣ መች አለቀ!
እዩት ይህን ልጅ፣ ግራ ተከላካዩን፣
መስመሩን ትቶ ነው የያዘው መሐሉን።
ክንፋቸው ግራ ገባው፦ ይከተለው? ይተወው?
ገብቶ ተከተለው፤ ይኸው ነው ያጠፋው።
በር ተከፍቶ ሲቀር፣ ጥበቃው ሲዘናጋ፣
ያልታየው ሦስተኛ ከኋላ ተጠጋ።
አንድ ቅብብል፣ ሁለት፤ ሎሚው ወደ ግራ፣
ኳሱ ወደ ቀኝ፤ መረቡ ተንጠራራ።"
ኳሱ የወይራ ፍሬ ነበር፤ ከጎሉ በኋላ
ኦሬስቴ በኩራት አንስቶት በላ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ማንም አልጠየቀ፤
እኔም እዚያው ነበርኩ፣ ጥፍሬ እስኪያልቅ የደቀቀ።
አሥር ደቂቃ ሲቀር፣ አምስት ተከላካይ፣
አውቶቡስ አቆምን ከበራችን ላይ።
ኩራት አልነበረም፤ ፍርሃት ነው የነዳው፤
ቴረንዚዮ ፊሽካውን ሽንት ቤት ነው የሰማው።

ዴልፊና ተነሣች፣ የቀድሞ ትራም ነጂ፣
ጥላዋን ተደግፋ፣ የሰፈር ፈራጂ፦
"ይህ ሁሉ ታክቲክ ከየት ተጀመረ?
የእጅ ውርወራ ነበር፤ ማን ልብ አለ፣ ማን ቆጠረ?
ያ ባለ መነጽሩ ኳስ አቀባይ ልጅ፣
ሌላው ሲያፏጭ ሳለ፣ ኳስ ይዞ በእጅ፣
እነሱ ሳይሰለፉ ፈጥኖ አቀብሎ ሰጠ፤
ሰልፋቸው ከዚያ ነው የተገለበጠ።
የልጁን ስም እንኳ የሚያውቅ አለ ከእናንተ?"
ዝም አለ ገበያው፤ ሁሉም ኮቱን ጎተተ።
ኦሬስቴ አንድ ትንሽ ዓሣ፣ ጣት የማታክል፣
ከመስመሩ ውጪ አኖረ፣ ከሜዳው ክልል።

ሰኞ በመጣ ቁጥር፣ ቢሸነፍ ቢያሸንፍ፣
ወንድሙ ኤልቪዮ ነበር በዚህ የሚያልፍ፤
ቀይ ሻርፑን አጥልቆ፣ ከላይ ሰፈር ወርዶ፣
ተሳድቦ ይገዛል፣ ግማሽ ዋጋ አስወርዶ።
ዛሬ ግን አልመጣም። ኦሬስቴ ደጋግሞ
ደረጃውን ያያል፣ ቢላውን ይዞ ቆሞ።
በረዶው ቀለጠ፤ ሽሪምፕና ሳርዲን
ተንሸራተው ገጠሙ፤ ማን ይለይ ቡድን!

ረፈድ ሲል የኤልቪዮ የልጅ ልጅ፣ ኦርኔላ፣
መጣች እየዘለለች፣ ቅርጫት አንጠልጥላ።
"አያቴ ዛሬ ዓሣ አልበላም ብሏል፤
'ዶሮ ነው ምሳችን፣ ንገሪው' ብሎኛል።"

ኦሬስቴ ሳቀ፤ ትከሻው ብቻ ተንቀጠቀጠ፣
ከተኙት መሐል አንዱን ሳርዲን መረጠ፤
ያንን ግራ ተከላካይ፤ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ አስሮ በክር፣
"ለወንድሜ" አለ፣ ድምፁን ለማውጣት ሲጥር፦
"'የጠፋባችሁ ሰው ይኸው ተገኘ' በይው፤
መያዝ ነበረባችሁ፤ አሁን ይጥበሰው።"

ልጅቷ ደረጃውን ሁለት ሁለት እያለፈች ወጣች፤
ከካፖርቷ ሥር አንድ ነገር ደብቃ ነበር የመጣች፤
ማዞሪያው ላይ ስትደርስ ዘወር አለች፣
ቀዩን ሻርፕ አውጥታ አውለበለበች።