ከሸራው ጀርባ

በሁለት የስልክ እንጨት መሐል፣ ከለገሃር ፊት ለፊት፣
ነጭ ሸራ ይወጥሩ ነበር፣ በየቅዳሜው ሌሊት።
ከፊት ለፊት ወንበር አለ፣ ለነሱና ለወዳጃቸው፤
ያገሬው ሰዎች ከጀርባ ናቸው፣ አሸዋ ነው መቀመጫቸው።
እናቴ አሹራ ሲኒማን ያየችው እንዲያ ነው፣ ከኋላ፣
ብርሃን በጨርቅ ሾልኮ፣ ሥዕል ከሥዕል ሲጣላ።
ፊደሉ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ባንዲራው ጎኑን ቀይሯል፣
ሰላምታውም ጠመንጃውም ወደ ግራ እጅ ዞሯል፤
«አንድ ግራኝ ነው የምናውቀው» ይላሉ ሽማግሎች እየሳቁ፣
«ይኸው ሻለቃው በሙሉ ግራኝ ሆኖ ወረደ ከታንኩ።»

አንድ ቅዳሜ፣ ከዘፈኑና ከቀልዱ በፊት፣
የድላቸውን ፊልም አሳዩ፤
አቧራ፣ ካሚዮን፣ ምርኮኛ።
በሰልፉ መሐል አባቴ።

እናቴ አልጮኸችም። የጎረቤቷን የሻሽ ጫፍ ነከሰች።

ወንበር ላይ ላሉት ከግራ ወደ ቀኝ ነበር የሚሄደው፣
እንደ ጽሑፋቸው፤
ወደ ካሚዮኑ፣ ከዚያም ወደማይታወቅ።
ለእናቴ ግን ከቀኝ ወደ ግራ ተነሳ፣
በልጅነቷ ቁርኣን በቀራችበት አቅጣጫ፣
ዓይኗ ሳይደናቀፍ በሚያውቀው መንገድ።
«እየሄደ አይደለም» አለች በጨለማ ደቻቱን ስትሻገር፣
«እየመጣ ነው። አንድ መስመር ነው የቀረው።»

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ አላመለጣትም።
ያው ፊልም፣ ያው አሥራ አንድ እርምጃ።
እንደ ሱራ በቃሏ ያዘችው፤
አራተኛው ላይ ይሰናከላል፣
ሰባተኛው ላይ ቀና ይላል፣
ቀኝ እግሩን ያነክሳል።
«ቀኙን ነው የመቱት» አለች ለሰማ ሁሉ።

ቀፊራ አፋፍ ላይ ቤት ነበረን፤ ያን ጊዜ ግን የኛ አልነበረም።
ካፒቴኑ የፊቱን ክፍል ወስዷል፣
አልጋውን፣ ባለመስታወቱን ቁም ሳጥን፤
እናቴ ጓሮ ማድ ቤት ሆና ሸሚዙን ታጥባለች፣
በገዛ ሳሙናዋ።

በሁለተኛው ዓመት፣ ደቻቱ ሞልቶ በጎደለ ማግሥት፣
አንድ ሰው በጓሮ መጣ።
በገዛ ደጁ ቆሞ ዘበኛውን ፈቃድ ለመነ።
«ኢማጅ ነኝ» አለ።
እናቴ ውሃ ሰጠችው። ፊቱን አየች፤ ፊቱ ደኅና ነበር።
እግሩን አየች።
ግራውን ያነክሳል።

«የኔ ባል ቀኙን ነው» አለች። «አላህ ያግዝህ ወንድሜ፣ ሌላ ደጅ ፈልግ።»
የኒካሑን ቀን ነገራት፣ የመህሩን ልክ፣
የጓሮውን በር ማጠፊያ ማን እንደሰበረው።
«እስር ቤት ከሱ ሰምተህ ይሆናል» አለችው።
ዘጠኝ ሌሊት ከማድ ቤቱ ደጃፍ፣ ጆንያ ላይ አደረ፤
ቤቱ ነበር፣ ቤቱ አልነበረ።

ቅዳሜ መጣ። ካፒቴኑ ሽቶውን ተቀብቶ ወደ ሸራው ወጣ።
ምን እንዳሰበች እስክትሞት አልነገረችኝም፤
የፊቱን ክፍል ቁልፍ አነሳች፣
«ጫማህን አውልቅ» አለችው፣ ምንጣፉ የሷ ነበርና፤
ራሷ ከኋላ ቆማ፣ ዓይኗን መስታወቱ ላይ ተክላ፣
«ሂድ» አለች፣ «አሥራ አንድ።»

ክፍሉ ስድስት እርምጃ ብቻ ነው የሚበቃው።
አራተኛው ላይ አልተሰናከለም።
ግን እዚያ ውስጥ፣ በዝገት በተበላው የመስታወት ጥግ፣
ቀኝ እግሩን እያነከሰ
አባቴ መጣ።

ከወደ ለገሃር ጭብጨባ ይሰማ ነበር፤
ካፒቴኑ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ አባቴ ሲሄድ ያያል፣
እናቴ በካፒቴኑ ክፍል፣ አባቴ ሲመጣ።

እኔ በኋላ ሲኒማ ቤት ተቀጠርኩ፤ ሠላሳ ዓመት ፊልም አጠነጠንኩ።
አባቴ አንድ ቀን እንኳ አልገባም፤
ለውዝ ሻጯ አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።
ማታ ቤት ስንደርስ እናቴ የሰሊጥ ዘይት አሙቃ ትቆያለች።
እድሜዋን ሙሉ ያሸችለት ቀኝ እግሩን ነበር፣ ደኅናውን።
እሱም እድሜውን ሙሉ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ፣
ቀኙን ይዘረጋላት ነበር።